የልብ ምት መለዋወጥና የአእምሮ እርጋታ፦ ከትርታ ቆጠራ እስከ ባዮፊድባክ

መግቢያ

በአማርኛ ልብ ደም የሚገፋ ጡንቻ ብቻ አይደለም። ሰው ሲያስተውል «ልብ አለ» እንላለን፤ የማያስተውለውን «ልበ ቢስ»፣ በጭንቀት የሚጠብቀውን «ልቡ ተሰቀለ»፣ ጭንቁ የተወገደለትን «ልቡ አረፈ» እንላለን። ግእዝም ልብንና ልቡናን ከአንድ ሥር አውጥቶ አእምሮን በደረት ውስጥ አኑሯል። ዘመናዊው ሕክምና የአእምሮን መኖሪያ ወደ አንጎል ካዛወረ ወዲህ ይህ አነጋገር ከዘይቤ ያለፈ ትርጉም ሳይሰጠው ቆይቷል። ይሁን እንጂ ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት የተካሄደው የልብ ምት ጥናት፣ ልብና አንጎል በነርቭ አማካይነት ያለ ማቋረጥ መልእክት እንደሚለዋወጡና የዚህ ልውውጥ አሻራ በእያንዳንዱ ትርታ መካከል ባለው የጊዜ ልዩነት ላይ እንደሚታይ አረጋግጧል።

ጉዳዩ ለእኛ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በባቱ፣ በመቂ፣ በሻሸመኔም ሆነ በአዳማ የተመላላሽ ሕክምና ክፍሎች «ልቤን ይመታኛል»፣ «ልቤ ቀጥ ይላል»፣ «ትንፋሽ ያጥረኛል» የሚል ታካሚ የማይመጣበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ከእነዚህ መካከል የልብ በር ሕመም ያለባቸው አሉ፤ ደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ዕጢ መታወክ ያለባቸው አሉ፤ በምርመራ ምንም የአካል ጉዳት የማይገኝባቸውም ብዙ ናቸው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ከባቱ ወደ አዳማ፣ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ተጉዘው፣ ለተደጋጋሚ ምርመራ ገንዘባቸውን ከፍለው «ምንም የለብህም» የሚል ቃል ይዘው ይመለሳሉ። «ምንም የለብህም» ግን ሕክምና አይደለም።

በውጭው ዓለም ለዚህ ዓይነቱ ታካሚ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ የልብ ምት መለዋወጥ ባዮፊድባክ የሚባለው ሥልጠና ነው። ባዮፊድባክ ማለት ሰው በተለምዶ የማያየውን የሰውነቱን እንቅስቃሴ በመሣሪያ አማካይነት እያየ ራሱን እንዲያሠለጥን የሚያስችል ዘዴ ነው። በዚህ ሥልጠና ታካሚው የልብ ምቱን ውጣ ውረድ በመስታወት ላይ እየተመለከተ፣ ትንፋሹን ቀስ በማድረግ ያንን ውጣ ውረድ ያሰፋል። ዘዴው የአንጎልን እንቅስቃሴ እንደሚለውጥና መንፈስን እንደሚያረጋጋ ይነገርለታል። ከሚነገርለት ውስጥ የትኛውን እንቀበል? የትኛውንስ እንተው? ለዚህ ፍርድ ከሁሉ የተሻለው ምስክር ታሪኩ ራሱ ስለሆነ ይህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ በአጭሩ ለመዳሰስ ይሞክራል። የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትርታን መቁጠር

የደም ሥር ትርታን በጊዜ መለካት የጀመረው በሦስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ሐኪም ሄሮፊሎስ እንደሆነ ይነገራል። ሄሮፊሎስ የታካሚውን ትኩሳት ለመመዘን ትርታውን በውኃ ሰዓት ይለካ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች፣ በተለይም ጋሌን፣ ስለ ትርታ ብዙ ጽፈዋል፤ ነገር ግን የእነርሱ መለኪያ በአብዛኛው የሐኪሙ ጣትና ልምድ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍሎየር በ1707 ባሳተመው መጽሐፍ ለአንድ ደቂቃ ብቻ የምትሠራ ሰዓት አሠርቶ ትርታን መቁጠሩን ገለጸ። ዛሬ ማንኛዋም ነርስ በየሰዓቱ የምትፈጽመው ተግባር መነሻው ይህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ትኩረት የሳበው ቁጥሩ አንድ ሆኖ አለመጽናቱ ነው። እንግሊዛዊው ቄስና ተመራማሪ ስቲቨን ሄልስ በፈረስ ደም ሥር ውስጥ የመስታወት ቱቦ አስገብቶ የደም ግፊትን በመለካት የመጀመሪያው ሲሆን፣ ይህንኑ በ1733 ባሳተመበት ሥራው ግፊቱ ከትንፋሽ ጋር ከፍና ዝቅ እንደሚል አመልክቷል። ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ በ1847 በሚሽከረከር በርሜል ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ሠርቶ፣ ውሻ ሲተነፍስ ልቡ ወደ ውስጥ በሚስብበት ጊዜ እንደሚፈጥንና ወደ ውጭ በሚያወጣበት ጊዜ እንደሚዘገይ በወረቀት ላይ አሳየ። ይህ ክስተት የትንፋሽ ሳይነስ አሪትሚያ ይባላል።

በዚያው ዘመን የክስተቱ ባለቤት የሆነው ነርቭም ተለየ። የዌበር ወንድማማቾች በ1845 ከአንጎል ግንድ ወደ ደረትና ሆድ የሚወርደውን ቬገስ ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲነኩት ልብ እንደሚቆም አሳዩ። ፈረንሳዊው ክሎድ በርናርድ በ1865 በሶርቦን በሰጠው ትምህርት ልብና አንጎል በዚሁ ነርቭ በኩል አንዱ በሌላው ላይ እንደሚሠሩ አብራራ። በ1921 ደግሞ ኦቶ ሎዊ በሁለት የእንቁራሪት ልቦች ባደረገው ሙከራ ቬገስ ልብን የሚያዘገየው ኬሚካል በመልቀቅ መሆኑን አረጋገጠ፤ በ1936ም ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የሆላንዱ ቪለም አይንትሆቨን በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ ስሱ መሣሪያ ስለሠራ፣ በሁለት ትርታዎች መካከል ያለውን ጊዜ በሺኛ ሴኮንድ መለካት የሚቻልበት መንገድ ተከፈተ።

እንደ ጉድለት የታየው ምልክት

መሣሪያው ቢገኝም ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የሚፈልጉት አማካዩን ቁጥር ብቻ ነበር። ከትርታ ወደ ትርታ ያለው ልዩነት እንደ መሣሪያ እንከን ወይም ትርጉም እንደሌለው ነገር ይታለፍ ነበር። ይህን አመለካከት ከለወጡት መካከል ቀዳሚዎቹ የማኅፀን ሐኪሞች ናቸው። በ1963 ሆን እና ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የሚታፈን ጽንስ አማካይ የልብ ምቱ ከመለወጡ አስቀድሞ በትርታዎቹ መካከል ያለው ልዩነት እንደሚጠብ አሳወቁ። ጽንሱ ከመድከሙ በፊት ልቡ «ጠፍጣፋ» ይሆናል ማለት ነው። ዛሬ በማዋለጃ ክፍል የጽንስ ልብ መከታተያ ወረቀት የሚያነቡ አዋላጆች ስለ ቤዝላይን መለዋወጥ ሲናገሩ የሚያስተጋቡት ይህንኑ ግኝት ነው።

ሁለተኛው በር የስኳር ሕመም ነው። በኤደንበርግ ይሠሩ የነበሩት ዩዊንግና ክላርክ ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ የስኳር ሕመም ቬገስን ጎድቶ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ዘዴ ዘረጉ። ታካሚው በደቂቃ ስድስት ጊዜ ብቻ፣ አምስት ሴኮንድ ወደ ውስጥ፣ አምስት ሴኮንድ ወደ ውጭ በጥልቀት ይተነፍሳል፤ በዚሁ ጊዜ ኢ.ሲ.ጂ. ይነሣል። በትንፋሹ ዑደት ውስጥ በከፍተኛውና በዝቅተኛው የልብ ምት መካከል ያለው ልዩነት በደቂቃ 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደኅና፣ 10 እና ከዚያ በታች ከሆነ የተጓደለ ይባላል። መስፈርቱ ከዕድሜ ጋር መመዘን ቢኖርበትም፣ ምርመራው ተራ የኢ.ሲ.ጂ. መሣሪያ ባለበት ማንኛውም ሆስፒታል ሊሠራ የሚችል መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ሦስተኛው በር የልብ ድንገተኛ ሕመም ነው። በ1978 ዎልፍና ባልደረቦቹ ከአውስትራሊያ እንደዘገቡት፣ የልብ ጡንቻቸው ከተጎዳባቸው ሕሙማን መካከል የትርታ መለዋወጥ የታየባቸው በሆስፒታል ውስጥ የመሞት ዕድላቸው አነስተኛ ነበር። በ1987 ክላይገርና ባልደረቦቹ 808 ተመሳሳይ ሕሙማንን ለ24 ሰዓት በተወሰደ ቅጂ መርምረው፣ የመለዋወጣቸው ልክ ከ50 ሚሊሴኮንድ በታች የነበረው፣ ከ100 ሚሊሴኮንድ በላይ ከነበረው ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው ከአምስት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳወቁ። በ1996 የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት የአለካኩን ደንብ በጋራ አወጡ። አንድ ጊዜ እንደ ጉድለት የታየው ነገር የጤና ምልክት ሆነ፤ ዝንፍ የማይል፣ እንደ ሰዓት የሚመታ ልብ የብርታት ሳይሆን የድካም ምልክት መሆኑ ታወቀ።

ሰውነትን ማስተማር፤ ቸኩሎ የተገኘ ድል

ምልክት የሆነውን ነገር ማሠልጠን ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ የተነሣው በሌላ አቅጣጫ ነው። ጀርመናዊው ሐንስ በርገር በ1929 የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ መመዝገቡን ካሳተመ በኋላ፣ አሜሪካዊው ጆ ካሚያ ሰዎች የአልፋ ሞገዳቸውን በምልክት እየተመሩ ማብዛትና መቀነስ እንደሚማሩ አሳየ። በ1969 ኒል ሚለር በሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ጡንቻቸው በኩራሬ የታሰረ አይጦች በሽልማት ብቻ የልብ ምታቸውን መቀየር እንደተማሩ ገለጸ። በዚያው ዓመት የባዮፊድባክ ተመራማሪዎች ማኅበር በአሜሪካ ተመሠረተ። ጋዜጦች ሰው ልቡን፣ ግፊቱንና አንጎሉን እንደ እጁ የሚያዝበት ዘመን መጣ ብለው ጻፉ።

የሚለር ውጤት ግን በሌሎችም በራሱም ቤተ ሙከራ ሊደገም አልቻለም። ሚለርና ባልደረባው ባሪ ድዎርኪን ለዓመታት ደክመው በ1974 ይህንኑ ራሳቸው በጽሑፍ አሳወቁ። ለሳይንስ ታማኝነት ጥሩ ምሳሌ ቢሆንም፣ ዘርፉ ከዚህ በኋላ ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ሲታይ ኖሯል። የዚህ ክስተት ትምህርት ለዛሬውም አንባቢ ይጠቅማል፤ ልብን በፈቃድ ብቻ ማዘዝ አይቻልም። ልብን የሚያዘው ሥርዓት በፈቃዳችን ሥር የሚሰጠን አንድ ሰፊ በር ትንፋሽ ነው።

ያንን በር ያገኙት በሶቪየት ኅብረት ይሠሩ የነበሩ ናቸው። የጠፈርተኞችን የልብ ምት መለዋወጥ መከታተል ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሮማን ባየቭስኪና በባልደረቦቹ የተስፋፋ ሥራ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሌኒንግራድ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በሶቪየት ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምና በሚማሩበት በዚያው ዘመን፣ ኢቭጌኒ ቫሺሎ የልብ ምት በተወሰነ ፍጥነት ሲወዛወዝ ውጣ ውረዱ ከሌላው ፍጥነት ሁሉ በላይ እንደሚሰፋ አስተዋለ። ያ ፍጥነት በአሥር ሴኮንድ አንድ ዑደት፣ ማለትም በደቂቃ ስድስት ያህል ነው። ቫሺሎ ኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ ከሥነ ልቦና ባለሙያው ፖል ሌረር ጋር ሠራ። በ2000 የሥልጠናውን ሥርዓት አሳተሙ፤ በ2003 ሥልጠናው የደም ግፊትን የሚቆጣጠረውን ባሮሪፍሌክስ እንደሚያጠነክር አሳዩ፤ በ2004 ደግሞ 94 የአስም ሕሙማንን ባሳተፈ ጥናት ሥልጠናውን ያገኙት አነስተኛ መድኃኒት እንዳስፈለጋቸው ዘገቡ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ መልካም ማስታወቂያ ይሆን ነበር። ሆኖም ሌረርና ባልደረቦቹ በ2018 ባወጡት ሌላ ጥናት፣ ባዮፊድባክ ለአስም የሚሰጠውን የሚተነፈስ ስቴሮይድ መተካት እንደማይችል አሳወቁ። የዘዴው ዋና ተሟጋች የዘዴውን ወሰን በራሱ እጅ ማስመሩ ዘርፉ ከ1970ዎቹ ወዲህ መጎልመሱን ያሳያል።

በደቂቃ ስድስት፤ ምሥጢሩ ምንድን ነው?

የኤደንበርግ የስኳር ሐኪሞች፣ የሌኒንግራድ ተመራማሪና ቀጥለን የምናየው የጣሊያን ጥናት በየራሳቸው መንገድ አንድ ቁጥር ላይ መድረሳቸው አጋጣሚ አይደለም። የደም ግፊት ከፍ ሲል በአንገትና በአኦርታ ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ያሉ ስሜት ተቀባዮች ይወጠራሉ፤ ወደ አንጎል ግንድ ያሳውቃሉ፤ አንጎል ግንድም በቬገስ በኩል ልብን ያዘገያል። ልብ ሲዘገይ ግፊቱ የሚወርደው ግን ወዲያው ሳይሆን ከአምስት ሴኮንድ ያህል በኋላ ነው። ሲወርድም ተቃራኒው ሂደት ይጀምራል። አምስት ሴኮንድ ወደ ታች፣ አምስት ሴኮንድ ወደ ላይ፣ በድምሩ አሥር ሴኮንድ መሆኑ ነው።

ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅን በየትኛውም ጊዜ መግፋት ይቻላል፤ ከፍ ብሎ የሚወጣው ግን በራሱ የመመለሻ ጊዜ ሲገፋ ብቻ ነው። በደቂቃ ስድስት ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ትንፋሹ ከባሮሪፍሌክሱ የመመለሻ ጊዜ ጋር ስለሚገጥም የልብ ምቱ ዥዋዥዌ ይሰፋል። ትክክለኛው ቁጥር ከሰው ሰው በመጠኑ ይለያል፤ በአብዛኛው በደቂቃ ከ4.5 እስከ 7 ባለው ውስጥ ይገኛል።

በ2001 የፓቪያው ሉቻኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያወጡት ጥናት በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊክ መቍጠሪያ ጸሎትን በላቲን፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ የቲቤት ቡድሂስቶችን ማንትራ እንዲደግሙ ተደረገ። በሁለቱም ጊዜ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ዝቅ አለ፤ የባሮሪፍሌክሳቸውም ስሱነት ጨመረ።

ይህን ስናነብ ሐሳባችን ወደ አካባቢያችን መመለሱ አይቀርም። ባቱ በደምበል ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በሐይቁ ላይ የቱሉ ጉዶ ደሴትና ጥንታዊቷ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አሉ። ምእመናን አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦታ የሚያደርሱበት መቍጠሪያ፣ በከተማዋ መስጊዶች ሠላሳ ሦስት ጊዜ እየተደጋገመ የሚባለው ዚክር፣ ሁለቱም ድምፅን፣ ጣትንና ትንፋሽን በአንድ ልክ የሚያስኬዱ ሥርዓቶች ናቸው። የፓቪያው ግኝት የሚመለከተው የተለካውን ንባብ ብቻ ስለሆነ ወደ እኛ ጸሎቶች እንዳለ መገልበጥ አይገባም፤ የጸሎትም ዓላማ የልብ ምትን ማስተካከል አይደለም። ነገር ግን ቀስ ያለ ትንፋሽ ለታካሚያችን ባዕድ ነገር አለመሆኑን ማወቅ ለምክር አሰጣጣችን ይረዳል።

ከልብ ወደ አንጎል

ትንፋሽን ማዘግየት አንጎልን እንዴት ይነካል? ቬገስ ከአንጎል ወደ ታች ትእዛዝ የሚያወርድ ብቻ ሳይሆን፣ አብዛኛው ክሩ ከደረትና ከሆድ ወደ አንጎል መልእክት የሚያወጣ ነርቭ ነው። መልእክቱ በአንጎል ግንድ ከሚገኘው ተቀባይ ጣቢያ ተነሥቶ ፍርሃትን ወደሚመዝነው አሚግዳላ፣ የሰውነትን ስሜት ወደሚያነበው ኢንሱላና ስሜትን ወደሚገራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ይደርሳል። በቬገስ በኩል የሚላክ የኤሌክትሪክ ምልክት አንጎልን መለወጥ እንደሚችል ጥርጥር የለውም፤ የቬገስ ማነቃቂያ መሣሪያ በአሜሪካ በ1997 ለሚጥል በሽታ፣ በ2005 ደግሞ መድኃኒት ላልመለሰው ድባቴ ተፈቅዷል።

ቴየርና ሌን በ2000 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ ስሜትን የሚገሩት የአንጎል ክፍሎችና ልብን የሚያዙት ክፍሎች አንድ መረብ ስለሆኑ የልብ ምት መለዋወጥ የዚህ መረብ መስኮት ነው አሉ። በመስኮቱ ማየት የሚቻል ከሆነ በመስኮቱ ገብቶ ቤቱን ማስተካከልስ ይቻላል? ለዚህ ጥያቄ ጠንካራ መልስ ከሰጡት ጥናቶች አንዱ በማራ ማዘር የሚመራው የካሊፎርኒያ ቡድን ያካሄደውና በ2023 የታተመው ነው። 106 ወጣቶች በዕጣ ተከፍለው ለአምስት ሳምንታት በየቀኑ ሠለጠኑ፤ ግማሾቹ የልብ ምታቸውን ውዝዋዜ የሚያሰፋ፣ ግማሾቹ የማያሰፋ ሥልጠና ወሰዱ። ተመራማሪዎቹ በዋነኛነት የጠበቁት በቀኝ አሚግዳላና በፊተኛው የአንጎል ክፍል መካከል ያለው ትስስር አልተለወጠም። የግራው አሚግዳላ ትስስር ግን ጠነከረ፤ ከስሜት ጋር የተያያዙ መረቦች በዕረፍት ጊዜ ይበልጥ ተቀናጁ። ይሁንና በጭንቀት፣ በድባቴና በስሜት ሁኔታ ረገድ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየም።

በሌላ በኩል ጎስልና ባልደረቦቹ በ2017 24 ጥናቶችን አሰባስበው 484 ተሳታፊዎችን ሲመረምሩ፣ ሥልጠናው ውጥረትንና ጭንቀትን በሚያመዝን መጠን እንደሚቀንስ አገኙ። ሁለቱ የሚጋጩ ቢመስሉም ሊታረቁ ይችላሉ። በማዘር ጥናት የተሳተፉት ጤነኛ ወጣቶች ናቸው፤ ያልተጨነቀን ማረጋጋት አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛም፣ የማዘር ቡድን ያነጻጸረው ሥልጠናን ከሌላ ሥልጠና ጋር ነው፤ በየቀኑ ተረጋግቶ መቀመጥ ብቻውን የሚሰጠው ጥቅም ለሁለቱም ቡድኖች ደርሷል። ስለዚህ ዛሬ በእርግጠኝነት ልንል የምንችለው ይህን ነው፦ ዘዴው የልብ ምትን ውዝዋዜና ባሮሪፍሌክስን ይለውጣል፤ የአንጎልን ትስስር በመጠኑ ይለውጣል፤ የተጨነቀን ሰው ይረዳል፤ ከረዳውም ውስጥ ምን ያህሉ ከመሣሪያው፣ ምን ያህሉ ከዕለታዊው ጸጥታ እንደሆነ ገና እየተመረመረ ነው።

የአገራችን ድርሻ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያ ፈጽማ የለችም ማለት አይቻልም። በ2002 ሲንትያ ቢልና ባልደረቦቿ፣ በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢን መጠናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም እንደማይለይ አሳተሙ። ይህ ከአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች የተለየ ስለነበር የልብ፣ የትንፋሽና የነርቭ ሥርዓት ተመራማሪዎችን ዓይን ሳበ። በተከታዮቹ ዓመታትም የውጭ ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ ሐኪሞች ጋር በመሆን የደጋ ነዋሪዎችን የነርቭና የአንጎል ደም ዝውውር ለኩ። ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት፣ በሌላ አገር ሰዎች ላይ የተሠራን የልብ ምት መለኪያ ሰንጠረዥ በአገራችን ሰው ላይ እንደ ሕግ መጫን እንደማይገባ ነው።

የመንፈስ ጭንቀትን በተመለከተ ደግሞ ከባቱ በስተ ምዕራብ የምትገኘው ቡታጅራ ትልቅ ስም አላት። በ1999 የታተመው የአታላይ ዓለምና የባልደረቦቹ ጥናት ከ10 ሺህ በላይ ጎልማሶችን በመጠየቅ 17 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት እንደታየባቸው አሳውቋል። በ2004 አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቹ በዚሁ በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ነዋሪዎች መካከል ባይፖላር የተባለው ሕመም ከተለመደው ከፍ ብሎ እንደሚታይ አሳትመዋል። ለእነዚህ ታካሚዎች የአእምሮ ሐኪም በየወረዳው ማዳረስ እንደማይቻል የተገነዘበው የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ያወጣው፣ ልዩ ባለሙያ ባልሆኑ ሠራተኞች በአምስት ጊዜ ቀጠሮ የሚሰጠው የምክር ሥርዓት ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው። መሣሪያ አይጠይቅም።

ከታሪክ ወደ ተግባር

የታሪኩ ጥቅም በታካሚው ፊት ካልታየ ከንቱ ነው። ስለዚህ ከላይ ከተባለው የሚከተሉትን ነጥቦች ለሥራ ባልደረቦቻችን ማሳሰብ እንወዳለን።

አንደኛ፣ ትርታ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር። በ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አማካዩን ይሰጣል፤ መለዋወጡን ግን ይደብቃል።

ሁለተኛ፣ ትርታው ወጥ ካልሆነ ከትንፋሽ ጋር ይሄድ እንደሆነ ይታይ። በወጣት ላይ ወደ ውስጥ ሲተነፍስ የሚፈጥን፣ ወደ ውጭ ሲተነፍስ የሚዘገይ ትርታ ጤነኛ ነው፤ ሪፈር አያስፈልገውም። ከትንፋሽ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው፣ ፍጹም የተዘበራረቀ ትርታ ግን ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ታካሚ ላይ የስልክ መተግበሪያ «ከፍተኛ መለዋወጥ» ብሎ ቢያመሰግን የሚያመሰግነው የስትሮክ ምንጭ የሆነን ሕመም ነው።

ሦስተኛ፣ እርጋታ ከመታዘዙ በፊት ሌላው ምክንያት ይወገድ። የሩማቲክ ልብ ሕመም ወጣቶቻችንን በሚያጠቃበት አገር ደረቱ ሳይደመጥ «ጭንቀት ነው» የተባለ ታካሚ ሐኪሙ የበደለው ታካሚ ነው። ደም ማነስ፣ እንቅርት፣ እርግዝና፣ ትኩሳት፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ይጠየቁ። በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ደግሞ ጫት ሳይጠየቅ አይታለፍ፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል።

አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ተጣርቶ ምክንያቱ ጭንቀት መሆኑ ሲታወቅ፣ ታካሚው የራሱን የእጅ ትርታ በራሱ ጣት እንዲይዝ ይደረግ። ከዚያም ለአምስት ሴኮንድ ያህል ወደ ውስጥ፣ ለአምስት ሴኮንድ ያህል ወደ ውጭ፣ ሳይጨናነቅና ከመጠን በላይ ሳይስብ ይተንፍስ። ትርታው ሲፈጥንና ሲዘገይ በጣቱ ይሰማዋል። ባዮፊድባክ ማለት በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ውድ መሣሪያው ያንኑ በሥዕል ያሳያል። ራሱን ካዞረው ወይም እጁን ከነዘረው ከልክ በላይ እየሳበ ነውና ትንፋሹን ያለዝብ። በቀን ሁለት ጊዜ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ለተከታታይ ሳምንታት መለማመድ ያስፈልጋል። የታዘዘለት የደም ግፊት፣ የአስም ወይም የድባቴ መድኃኒት ካለ በዚህ ምክንያት አይቋረጥም።

ማጠቃለያ

ከእስክንድርያው የውኃ ሰዓት እስከ ዛሬው የአንጎል ምስል ያለው ጉዞ ሁለት ነገር ያስተምራል። እንደ እንከን የተቆጠረው የትርታ አለመስተካከል የሕይወት ምልክት ሆኖ መገኘቱ፣ በወረቀት ላይ ከአማካዩ የወጣውን ነገር በችኮላ እንዳንጥል ያስጠነቅቃል። ሰው ልቡን በፈቃዱ ያዛል ተብሎ የተነገረው ድል መፍረሱ ደግሞ፣ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ማስረጃውን ሳንመረምር እንዳንነዳ ይመክራል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ለታካሚያችን የምንሰጠው ትንሽ ነገር ግን የተረጋገጠ ነገር አለ። ልቡን የመረመረለት፣ ምክንያቱን ያስረዳውና ትርታውን በገዛ ጣቱ ያስዳሰሰው ባለሙያ፣ «ምንም የለብህም» ብሎ ከሸኘው የተሻለ ሕክምና ሰጥቶታል። ለዚህም የሚያስፈልገው ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ የሚያዳምጥ ጆሮና አሥር ደቂቃ ነው።